ከቢጫው መስመር ወዲህ

«አባቱ ጠመንጃዬን ሳልይዝ አልገባም አሉ» አለች ሙሽራዋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አልጋው ላይ እየወረወረች።

እናትየዋ በዚያች ሰዓት የነጩን ቀሚስ እጅጌ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ብድግ አድርጋ አየር ላይ እንዳንጠለጠለችው ቀረች። ቀሚሱን ሻጩ ሦስት ሺህ ብሎ ጀምሮ፣ እሷ ሁለት ጊዜ ከሱቁ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተጠርታ በሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው የገዛችው፤ እንዲህ ተለፍቶበት በአማች ንዴት የሚቃጠል ቀሚስ አልነበረም። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሳጥን ከያዘ በኋላ ለሰው የተረፈው ቦታ አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ እናትና ልጅ ሲኳረፉ እንኳ ክርናቸው ይነካካል። «በገዛ ልጃቸው ሠርግ!» አለች እናትየዋ በመጨረሻ። «ማንን ሊተኩሱ ነው? መዝጋቢውን?» ልጅቱ ሳቋ መጣና ዋጠችው። ቀኑ ለሳቅም ለለቅሶም የተመቸ ነበርና የትኛው እንደሚቀድማት አላወቀችም።

ነገሩ ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ኤሌክትሪሺያኑ እጮኛዋ ከመሥሪያ ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በዕጣ ደርሶታል፤ ቤቱ የሚሰጠው ለባለትዳር ነው፤ የጋብቻ ማስረጃ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ነገ ነው። ለጋብቻው ከየወገኑ አንድ ወላጅ በአካል ቀርቦ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። በወንዱ ወገን የተመዘገቡት አባትየው ናቸው፤ ፈራሚ ልቀይር የሚል አዲስ ማመልከቻ ያስገባል፣ አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል። ተራቸው አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ መዝገቡ የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ። ሰውየው በር ላይ ከቀሩ ልጆቹ ቤቱን በዓይናቸው እንዳዩት ይቀራል።

በሩ ደግሞ የእናትየዋ በር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ መግቢያ ላይ ካለው ባንኮኒ ኋላ ቁጭ ብላ የባለጉዳዩን ጠመንጃና ሽጉጥ ተቀብላ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ባለቤቱ ጥይቱን ራሱ አውጥቶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል፤ እሷ ቁጥር የተመታበት ክብ ነሐስ መሣሪያው ላይ ታስራለች፣ የነሐሱን መንትያ ለሰውየው ትሰጣለች፣ መሣሪያውን ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ስም አትጠይቅም። ደንበኞቿም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ከብት ነጋዴው ሰባት ነው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አሥራ አንድ ነው፣ መንገድ ላይ ስታገኛቸውም «አሥራ አንድ፣ ደህና ዋልክ?» ትላለች። እነሱም ብድሩን ለመመለስ «እትዬ ቁጥር» ብለው ሰየሟት። የሙሽራው አባት የመጋዘን ጥበቃ ናቸው፤ ዘመድ ከመሆናቸው በፊት ለእሷ ሃያ ሦስት ቁጥር ነበሩ። ግብር ሊከፍሉ ሲመጡ ጠመንጃቸውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አስረክበው «አደራ» ብለው የሚገቡ ጨዋ ሰው ነበሩ። ዛሬ ምን ነካቸው?

ነገር ያመጣው የሰኞው ደብዳቤ ነው። ክልሉ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የእኔ ብቻ ነው፣ ከተሞች በየበራቸው የሚያወጡት ክልከላ ዋጋ የለውም ብሎ ጻፈ። ማክሰኞ ዕለት ከንቲባው፣ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ የአዳራሹ በር የእኔ ነው ብለው መለሱ። ሁለቱም ደብዳቤዎች አዳራሹ በር ላይ ተለጠፉ፤ የክልሉ በግራው መዝጊያ፣ የከተማው በቀኙ። ማዘጋጃ ቤቱ ይህም አልበቃው ብሎ ረቡዕ ዕለት ደፉ ላይ ዳር እስከ ዳር ቢጫ መስመር አስቀባ። ከመስመሩ ወዲያ አንዲት መሣሪያ ካለፈች እትዬ ቁጥር ከሥራ ትሰናበታለች፤ ወረቀቱ በስሟ ደርሷታል። ክልሉ ከረታ ደግሞ ባንኮኒው ራሱ ይነሳል። «ማንም ያሸንፍ ማን፣ የምሸነፈው ተለይቶ ታውቋል» እያለች ሰሞኑን ስትቀልድ ከርማለች። ለዛሬ ፈቃድ ጠይቃም አልተሳካላትም። አለቃዋ «ቁልፉን የፈረምሽበት አንቺ ነሽ፣ ተተኪ የለሽም፤ ለፊርማ ብቻ ሦስት ደቂቃ ገብተሽ ውጪ» አላት። የአንድ ልጇ ሠርግ ከምትቀመጥበት አሥር እርምጃ ርቆ ሊፈጸም ነው፣ የሚደርሳት ግን ሦስት ደቂቃ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ባንኮኒዋን ስትከፍት ትይዩ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አገኘች። አንደኛው አዲስ ጫማው እግሩን የነከሰው ወጣት ነው፤ ከከንቲባው ቢሮ፣ ክልከላው መከበሩን እንዲታዘብ የተላከ። ሁለተኛዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ከክልሉ፣ ፈቃድ ያለው ሰው መከልከል አለመከልከሉን እንድትታዘብ የተላከች። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ ማስታወሻ ደብተር ዘርግተዋል። እትዬ ቁጥር አንድ ጠመንጃ በተቀበለች ቁጥር ሁለቱም አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ ወጣቱ «ተከብሯል» ይላል፣ ሴትየዋ «ተጥሷል» ትላለች፣ የጻፉት ግን ስለ አንዱ ጠመንጃ ነው። የወጣቱ እስክሪብቶ ቀለም ጨርሶ እምቢ ሲለው ሴትየዋ ከቦርሳዋ ትርፍ አውጥታ ሰጠችው። «መመለስ እንዳትረሳ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» አለችው። «የትኛው መንግሥት?» አለ ወጣቱ፤ ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ቁጥር በነሱ ሳቅ ደሟ ፈላ። ከሰኞ ወዲህ ጠመንጃ ይዞ የማያውቀው ሁሉ ነገሩን ሊሞክር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም አፈሙዙ ውስጥ ሸረሪት ያደራችበት አሮጌ ጠመንጃ ይዘው መጥተው «መዝግቢልኝ፣ እኔም ከተከለከሉት ልቆጠር» ብለዋታል። ሐሙስን ለሠርጉ የመረጠችው ራሷ ነበረች፤ ሐሙስ የገበያ ቀን አይደለም፣ መሣሪያ አይበዛበትም ብላ። ዛሬ እስከ አራት ሰዓት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ቆልፋለች።

እጇ ይሠራል እንጂ ልቧ ንግግር ሲያዘጋጅ ነው ያረፈደው። መጀመሪያ «ጋሼ» ብላ በትሕትና ትጀምራለች፤ ቀጥላ ስለ ልጆቹ ታነሳለች፤ ካልሆነላት ሰውየውን እዚያው በሩ ላይ አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። ሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ጥሞ መጥቶላት ነበር።

አራት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ሰውየው መጡ። የጥበቃ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው፤ ከአንገታቸው ላይ ግን ቀይ ከረባት አስረዋል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል፤ ጠመንጃው ከትከሻቸው አልወረደም። ከመስመሩ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው እግራቸውን ገጥመው ቆሙ። እሷ ከባንኮኒው ኋላ፣ እሳቸው ከባንኮኒው ፊት፣ ሁለት አዲስ ዘመዶች ተፋጠጡ። የታዛቢዎቹ እስክሪብቶ እንኳ ቆመ። ያን ሁሉ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው፤ ሰውየው እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበራቸው፣ ጺማቸውን ሲላጩም አገጫቸውን ቆርጠውታል።

ሰውየው ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ደብተር አወጡና ገልጠው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡላት። የመሣሪያ ፈቃዳቸው ነው። አንድ ገጽ ላይ የሰኞ ቀን ያለበት አዲስ ማኅተም ተመቷል፦ በሥራ ላይ ያለ ጥበቃ መሣሪያውን ከእጁ ለይቶ ለማንኛውም የከተማ አካል ቢያስረክብ ፈቃዱ ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ተረኛዬ አልመጣም፣ እትዬ» አሉ ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሁለት ሰዓት ፈቃድ ነው በስንት ልመና ያገኘሁት። ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቀረኝ። ፈቃዱ ከተሰረዘ ጥበቃነቱም የለ፣ ጡረታውም የለ።»

«ታዲያ ለልጅዎ እንዲህ ነው ብለው አይነግሩትም? እኛ እኮ በኩራት መስሎን...»

«አባት ለልጁ ፈራሁ ይላል?» አሉ።

እትዬ ቁጥር ጠዋት ካውያውን ይዛ ያለችውን ሁሉ አስታውሳ አፈረች። ከኪሷ የራሷን ወረቀት አውጥታ ደብተሩ አጠገብ ዘረጋችላቸው፤ አንዲት መሣሪያ ብታልፍ እንደምትሰናበት የሚገልጸውን። ሰውየው መነጽር ስለሌላቸው ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ እኛ!» አሉና ያልታሰበ ሳቅ አመለጣቸው፤ እሷም ተከተለቻቸው። «ለመሆኑ በምን መጡ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «በታክሲ። ረዳቱ ለጠመንጃውም የሰው ሂሳብ ይክፈሉ አለኝ። ከፈልኩ። ቢያንስ በታክሲ ደንብ ሕጋዊ ነው።»

ሳቁ ሲበርድ ችግሩ እዚያው ነበር። ልጆቹ ከአሥራ አምስት ያህል እንግዶች ጋር ደረጃውን ወጡ፤ ሙሽራዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሙሽራው አባቱን ከነጠመንጃቸው ሲያይ ከንፈሩን ነክሶ። ከሰላምታ በቀር ከአባቱ ጋር አልተነጋገረም፤ ጎን ለጎን ቆመው ሁለቱም ጫማቸውን ያያሉ። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። እትዬ ቁጥር ቁም ሳጥኑን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ መስመሩን ተሻግራ ገባች።

መዝጋቢው ሽማግሌ ናቸው፤ መዝገቡን ከልጆቻቸው እኩል የሚወዱ። «መዝገቡን እስከ በሩ ያውጡልን» ስትላቸው፣ ልብሳቸውን አውልቁ የተባሉ ይመስል ደነገጡ። «መዝገብ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም! ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ ጥላ ይዤለት አደርኩ እንጂ አላወጣሁትም!» አሉ። ሰውየው አይገቡም፣ መዝገቡ አይወጣም፣ ሰዓቱ አይቆምም። ልመናም እንደማያዋጣ ገባት፤ ሦስቱም ወገን ቃል በቃል የተጻፈ ነገር ይዘዋል። ተመልሳ ልትወጣ ስትል ዓይኗ መዝገቡ የተቀመጠበት ረጅም የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም የሚለውን መለየት ነው፤ ስለ ጠረጴዛ የተጻፈ ነገር አንብባ አታውቅም።

«ጠረጴዛውስ?» አለች።

«ጠረጴዛው ምን ሆነ?»

«እንዳይወጣ የሚል ሕግ አለው?»

መዝጋቢው መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ አንድ መመሪያ አወጡ፣ ገለጡ፣ መለሱ። «የለውም» አሉ በጣም ቅር እያላቸው።

ስድስት ሰዎች ጠረጴዛውን ተሸክመው ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አድርገው በሩ ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት እግሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ኮሪደሩ ላይ፣ ቢጫው መስመር ከሆዱ ሥር አቋርጦት ያልፋል። መዝጋቢው መዝገቡን ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አድርገው አኖሩትና በክንዳቸው ከበቡት። ታዛቢዎቹ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነስተው መጡ። ወጣቱ የከንቲባውን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አየው። «ከተማው የከለከለው መሣሪያ ነው፤ መስመሩን ስለሚያልፍ ክንድ የተጻፈ የለም» አለ። ሴትየዋ መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች። «ክልሉም መሣሪያው ከእጁ አይለይ ነው ያለው። ሌላኛው እጁ ቢፈርም አያገባንም።» ሙሽራው ያን ጊዜ ነው የአባቱን ደብተር ባንኮኒው ላይ እንደተገለጠ ያየው። አነበበው። ቀና ብሎ አባቱን አያቸው፣ እሳቸው ግን ወደ ሌላ ዞሩ። ልጁ ጠጋ ብሎ ከረባታቸውን አቃናላቸው።

ፊርማው ራሱ ከጠመንጃው የከፋ ሥራ ሆነ። ሰውየው ወደ መዝገቡ ጎንበስ ሲሉ አፈሙዙ በትከሻቸው ላይ ወደ ፊት ያዘነብላል። «መስመር! መስመር!» ብሎ ወጣቱ ይጮሃል። ጠመንጃውን መሬት ላይ ሊያስደግፉት ሲሉ ደግሞ «ከእጅ እንዳይለይ!» ትላለች ሴትየዋ። በመጨረሻ ጠመንጃውን በግራ እጃቸው ጀርባቸው ላይ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ስጦታ የደበቀ ሰው መስለው፣ በጠረጴዛው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ፊርማቸውም ረጅም ነው፤ ሙሉ ስማቸውን ከነአባት ከነአያት ጽፈው፣ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመሩ። ቀና ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ቁጥርም ከባንኮኒዋ ሁለት እርምጃ ሳትርቅ፣ ቁም ሳጥኗን በአንድ ዓይኗ እያየች በዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረመች። ሰዓቱ አምስት ከሃያ ነው። ቤቱ ለልጆቹ ተረፈ።

«እንግዲህ ቃል መገባባቱ ይቀራል፤ ሙሽሮች ወደ ፊት» አሉ መዝጋቢው፣ መዝገቡን አቅፈው በአዳራሹ መጨረሻ ወዳለው መድረክ እየሄዱ። ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዙ። የእትዬ ቁጥር ሦስት ደቂቃ አልቋል፤ እሷና ጥበቃው ከመስመሩ ወዲህ ቀሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስንቱ ሲጋባ አይታለች፤ ያየችው ግን ሁሉንም ከጀርባው ነው። የሙሽራ ጀርባ፣ የቀሚስ ቁልፍ፣ የአዲስ ኮት ስፌት። የሰው ፊት በዚያች ሰዓት ምን እንደሚመስል አታውቅም። የልጇንም ፊት እንደማታይ ጠዋት ቀሚሱን ስትተኩስ ታውቅ ነበር፤ ለዚያ ሳይሆን አይቀርም ለጀርባው ስፌት ያን ያህል የተጨነቀችው።

ሙሽራዋ መድረኩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዞር አለች። እናቷን በሩ ላይ አየቻት፣ ከአጠገቧም ጠመንጃቸውን እንደያዙ የቆሙትን አማቷን። ሙሽራውን ክንዱን ይዛ አዞረችው። «እዚህ ወዲህ ነው» አሉ መዝጋቢው ከኋላቸው፤ «ፊታችሁን ወደ እኔ አድርጉ።» ልጅቱ «ይቅርታ አባቴ፣ ቤተሰቦቻችን በዚያ በኩል ናቸው» አለችና አልተነቃነቀችም። መዝጋቢው እሷን አዩ፣ በሩን አዩ። መዝገባቸውን አንስተው እያጉረመረሙ ዞረው መጥተው በጎናቸው ቆሙ። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት ተነስተው ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ከሳቸው ቀጥሎ ያለው አዞረ፤ ወንበር በወንበር ላይ እየተጋጨ፣ የሰው እግር እየተረገጠ፣ ይቅርታ እየተባባለ፣ አዳራሹ እንዳለ ተገለበጠ። በሩ ፊት ለፊት ሆነ። እትዬ ቁጥር አፏን በመዳፏ ያዘች። ከጎኗ ያሉት ሰው ከረባታቸውን ነካ አደረጉ።

«ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?» አሉ መዝጋቢው።

ሰው ሁሉ ፊቱ ወደ በሩ ስለሆነ ዓይኑ የወደቀው ሁለቱ ታዛቢዎች ላይ ነው። ደብተራቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆመዋል። ወጣቱ እግሮቹን ገጠመ። «ከተማው ተቃውሞ የለውም» አለ ቀጥ ብሎ። ሴትየዋ መነጽሯን አስተካከለች። «ክልሉም የለውም» አለች። ከዚያ ሁለቱ ምን እንደተናገሩ የገባቸው ያኔ ነው መሰል እርስ በርስ ተያዩ፤ ከሰኞ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው። የአዳራሹ ሳቅ ኮሪደሩን አልፎ ግብር ክፍሉ ድረስ ተሰማ፤ ሁለቱም አቀርቅረው ጻፉት፣ አንዱ በሌላዋ እስክሪብቶ።

መዝጋቢው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ሙሽራዋን ጠየቋት። ፊቷ ብሩህ ነበር፣ ጉንጯ ላይ እንባ ወርዶ እዚያው ረስታዋለች፤ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች «አዎ» አለች። እትዬ ቁጥርም ማንም ሳይጠይቃት፣ ከቢጫው መስመር ወዲህ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ «አዎ» አለች።